ባለ 300 ዋቱ ቻርጀር ለምን 50 ዋት ብቻ ሰጠ? የአንድ ጉዳይ ጥናት

«ጋሼ፣ አዲሱ ቻርጀር ችግር አለበት። እየጠፋ ይነሳል። ልመልሰው ነው።»

መልእክቱ የመጣው ሞዴል አውሮፕላንና ድሮን ከሚያበርር ወጣት ነው። አብዛኛውን ነገር ራሱ ይገጣጥማል፣ እጁም ጥሩ ነው። ቻርጀሩ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት አብረን የሞከርነውን፣ የሠራውንም ያልሠራውንም፣ እዚህ ጽፌዋለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ የሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ቻርጀርና የፓወር ሰፕላይ (ለቻርጀሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ዕቃ) ምርጫ ብዙ ጊዜ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ነው የሚወራው። በዚህ ልጅ ቤት ግን አቅም ያነሰው አንድ አዳፕተር ባትሪ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ እያለ፣ እንዲሞላ አስገደደ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ያለው ዕቃ

ስድስት ባትሪ አለው። ሁሉም ባለ 6 ሴል ሊፖ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት። አንድ የሊፖ ሴል በስም 3.7 ቮልት ይባላል፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ስድስቱ በተከታታይ ሲያያዙ በስም 22.2፣ ሙሉ ሲሆኑ 25.2 ቮልት ይሆናሉ። 22.2ን በ5 አምፔር ሰዓት ስታባዙት አንዱ ባትሪ 111 ዋት ሰዓት ይይዛል ማለት ነው።

ቻርጀሩ በአንድ እጅ የሚያዝ ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ በትልቁ «300 ዋት፣ 20 አምፔር» ይላል። ግድግዳ ላይ በቀጥታ አይሰካም። ከ10 እስከ 30 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) የሚሰጠው ሌላ ዕቃ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ አብሮት አልመጣም። ልጁ ቤት ውስጥ ፈልጎ የአሮጌ ሞኒተር አዳፕተር አገኘ፤ 12 ቮልት፣ 5 አምፔር። ጫፉን ቆርጦ ኮኔክተር በየደበትና ሰካው። ስክሪኑ በራ። ከበራ ይሠራል ብሎ ደመደመ። ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

ችግሩ

ቻርጀሩን 5 አምፔር ላይ አደረገው። ለ5000 ባትሪ ይሄ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ 1 ሲ የሚባለው፣ የባትሪውን አቅም በአንድ ሰዓት የሚያክል ፍጥነት ነው። አምፔሩ ቀስ እያለ ወጣ፣ 3 አካባቢ ሲደርስ ስክሪኑ ድርግም አለ። ተመልሶ በራ። አሁንም ጠፋ። አንዳንዴ የግቤት ቮልቴጅ አንሷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳየዋል። ወደ 2 አምፔር ሲያወርደው ግን ዝም ብሎ መሥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በ2 አምፔር አንድ ባትሪ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስድስቱ ሲደመሩ 14 ሰዓት ገደማ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ለማብረር ዓርብ ከሰዓት መጀመር፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ እየተነሱ ባትሪ መቀየር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት አንድ ይሰካል፣ ሌሊት ሲነቃ አንዱን ይቀይራል፣ ይተኛል። አንድ ሌሊት እናቱ በፕላስቲክ ሽታ ነቁ። አዳፕተሩ ምንጣፍ ላይ ነበር። ሲያነሳው ከሥሩ ያሉት ትናንሽ የጎማ እግሮች ቀልጠው ምንጣፉ ላይ ቀሩ፤ በዙሪያቸውም ቡናማ ምልክት። ባትሪው ምንም አልሆነም፣ እሳትም አልተነሳም። መልእክቱን የላከልኝ በማግስቱ ነው፤ ይህን ክፍል ግን የነገረኝ ቤት ስሄድ ነው።

ምን ለካን

መጀመሪያ መልቲሜትር አምጥተን የቻርጀሩ መግቢያ ላይ ለካን። ምንም ሳይሞላ 12.2 ቮልት። በ2 አምፔር ሲሞላ 11.6። 3 አምፔር ሲሆን ወደ 10 ወርዶ ቻርጀሩ ጠፋ። ችግሩ ያለው ከቻርጀሩ በፊት እንደሆነ ይሄ ብቻ ይበቃል።

ከዚያ ወረቀት ላይ አሰላነው። አዳፕተሩ 12 ሲባዛ በ5፣ 60 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የለውም። ቻርጀር ኃይል አይፈጥርም፤ የገባለትን ቮልቴጅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስተላልፈው፣ በዚህ መሃል ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በሙቀት ይጠፋል። ልጁ የጠየቀው 5 አምፔር በ23 ቮልት ገደማ ነው፣ ይሄ 115 ዋት ነው። ያንን ለማውጣት ቻርጀሩ ከአዳፕተሩ 130 ዋት ሊስብ ሞከረ። አዳፕተሩ 60 ብቻ ነው ያለው። ቮልቴጁ ወደቀ፣ ቻርጀሩ ጠፋ። ጭነቱ ሲነሳ ቮልቴጁ ተመለሰ፣ ቻርጀሩም በራ።

2 አምፔር ላይ የሠራውም ለዚህ ነው። ባትሪው ሊሞላ ሲል 2 ሲባዛ በ25.2፣ 50 ዋት ይሆናል፤ ከብክነቱ ጋር 57። ይሠራል፣ ግን አዳፕተሩ ለሰዓታት በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ያውም አየር በማያገኝበት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ። የቀለጡት እግሮች የዚያ ውጤት ናቸው።

የመጀመሪያው መፍትሔ

ልጁ እኔን ሳይጠብቅ 12 ቮልት 30 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ገዛ። 360 ዋት ነው። «ቻርጀሩ 300፣ ይሄ 360፣ ይበቃል» አለኝ። ስሌቱ በራሱ ስህተት የለበትም። እውነትም መጥፋቱ ቆመ። አንድ ባትሪ በ5 አምፔር ያለምንም ችግር ሞላ።

ከዚያ ሁለት ባትሪ በአንድ ጊዜ ለመሙላት ፓራለል ቦርድ (ባትሪዎችን ጎን ለጎን የሚያያይዝ ሰሌዳ) አመጣና 10 አምፔር ላይ አደረገው። ስክሪኑ ላይ 5.2 አምፔር ቆመ። ከዚያ ንቅንቅ አላለም። «ይሄ ቻርጀር ፎርጅድ ነው» ማለት ጀመረ።

የቻርጀሩን ጀርባ አዞርነው። በጣም ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት፤ በስልክ ካሜራ አጉልተን ነው ያነበብነው። «ከፍተኛ ግቤት 12 አምፔር» ይላል። መልሱ እሱ ነው። በ12 ቮልት ላይ 12 አምፔር ብቻ መሳብ ከቻለ የሚገባለት 144 ዋት ነው። ብክነቱ ሲወጣ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 127 አካባቢ ይሆናል። ፓወር ሰፕላዩ 30 አምፔር ይስጥ 100፣ ለቻርጀሩ ለውጥ የለውም። 300 ዋት የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፣ ግን እውነት የሚሆነው መግቢያው ወደ 30 ቮልት ሲጠጋ ብቻ ነው። ይሄን ፊቱ ላይ አይጽፉትም፤ በእኔ እምነት መጻፍ ነበረባቸው።

ሁለተኛው መፍትሔ

አሁን የምንፈልገው አምፔር ሳይሆን ቮልት ነው። 24 ቮልት ላይ 12 አምፔር 288 ዋት ያስገባል፣ 250 ገደማ ያወጣል። ሁለት ባትሪ በ10 አምፔር ለመሙላት የሚያስፈልገው መጨረሻው ላይ 252 ዋት ነው፤ ሊገጥም ምንም አልቀረውም፣ ትንሽ ቢያንስም ቻርጀሩ ራሱ አምፔሩን ዝቅ ያደርጋል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ 24 ቮልት 15 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ተመረጠ። 360 ዋት ነው፣ እኛ የምንስበው 288። አንድ አምስተኛው ሳይነካ ይቀራል፣ ማራገቢያውም ብዙ አይጮህም።

ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ሐሳብ ነበር። ከአሮጌ ሰርቨር የሚወጡ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላዮች በየቦታው ይገኛሉ፣ ጉልበታቸውም ብዙ ነው። ልጁ ሁለቱን በተከታታይ አያይዞ 24 ሊያደርጋቸው ፈለገ። አልደገፍኩትም። በብዙዎቹ የውጤቱ ኔጌቲቭ ከብረት ሳጥኑና ከመሬት ሽቦው ጋር የተገናኘ ነው። ሁለቱን በተከታታይ ስታያይዙ የላይኛው ኔጌቲቭ 12 ቮልት ላይ መቀመጥ አለበት፣ የመሬት ሽቦው ግን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። ያ ሾርት ነው። ሰዎች የሚያመልጡት የአንዱን የመሬት ሽቦ በመቁረጥ ነው፤ የግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚገባበት የብረት ሳጥን ላይ ይህን ማድረግ ሰው ይገድላል። ልጁ ሲገባው ራሱ ተወው።

የተገዛው ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው የብረት ሳጥን ነው፤ ጫፉ ላይ ሽቦ የሚታሰርባቸው ብሎኖች ያሉት። በእነዚያ ብሎኖች ላይ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በግልጽ ይቀመጣል፣ ጣት ይነካዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሠራነው ሥራ መሸፈን ነበር። አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ በትክክል ታሰረ፣ ገመዱ እንዳይጎተት ተያዘ፣ ብሎኖቹ በፕላስቲክ ሽፋን ተዘጉ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ገባለት። ከዚያ በኋላ ነው ቻርጀሩን ያገናኘነው።

ያልሠራው

ፓወር ሰፕላዩ ሥራውን ሠራ። የሳትነው ሌላ ቦታ ነው። ስለ ፓራለል ቦርዱ በደንብ ሳንነጋገር ልጁ አንድ ቀን ብቻውን ሁለት ባትሪ አያያዘ። አንዱ ከበረራ የመጣ ነው፣ 22.6 ቮልት። ሌላው በደንብ ያልተበረረበት፣ 24.6 ቮልት። ያገናኘውም ቀጫጭኖቹን የባላንስ ሽቦዎች፣ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ ለማስተካከል የሚያገለግሉትን፣ አስቀድሞ ነው። ወፍራሙን ገና አልሰካም።

ሁለት ባትሪ በፓራለል ሲገናኙ ቻርጀሩ ባይበራም ከፍ ያለው ወደ ዝቅተኛው ይፈስሳል። የሁለቱ ልዩነት 2 ቮልት ነው፣ የባትሪዎቹ የውስጥ መቋቋም ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ብዙ አስር አምፔር ይሄዳል። ያ ሁሉ የሄደው ለአምፔር ቅንጣቢ ሥራ በተሠራ ሽቦ ነው። ልጁ ጭስ አየና ነቀለው። ሽቦውን በኋላ አየሁት። ከሰባቱ ሽቦዎች ዳርና ዳር ያሉት፣ ቀዩና ጥቁሩ፣ ልጣቸው ተጨማዶ መዳቡ ይታያል። መሃል ያሉት አምስቱ ግን አዲስ ናቸው፣ ምንም አልነካቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ሴሎች በእኩል መጠን ስለሚለያዩ ጉዞው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ያንን ሽቦ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፣ ለሚጠይቀኝ ሰው አሳየዋለሁ።

ቦርዱ ፊውዝ አልነበረውም። ተጣለና ለእያንዳንዱ ሽቦ ፊውዝ ያለው ተተካ። ደንቡም ተጻፈ፦ የሴል ብዛታቸው አንድ ያልሆነ ባትሪዎች በፍጹም አይገናኙም፤ የሁለቱ ልዩነት በሴል ከ0.1 ቮልት ከበለጠ አይገናኙም፤ መጀመሪያ ወፍራሙ ኮኔክተር፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ባላንሱ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ዝቅ ያለው ብቻውን ይሞላል።

ሁለተኛው ያልሠራ ነገር ማውረድ፣ ማለትም ባትሪው የያዘውን ኃይል ማፍሰስ፣ ነው። ሊፖ ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ያረጃል። ማረፊያው በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ነው። ቻርጀሩም ለዚህ የሚሆን ምርጫ አለው። ግን የማውረድ አቅሙ 10 ዋት ብቻ ነው። ሙሉ ባትሪን ወደ 3.8 ለማውረድ 65 ዋት ሰዓት ገደማ ማፍሰስ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አንዱ ባትሪ ብቻ ስድስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ስድስቱን ማን ይጠብቃል? ልጁም አይጠብቅም ነበር። ዝናብ መጥቶ በረራ ሲቀር ባትሪዎቹ ሙሉ እንደሆኑ ለሳምንታት ይቀመጡ ነበር። ስንመረምራቸው ሁለቱ አብጠዋል። የውስጥ መቋቋማቸውን ቻርጀሩ ሲለካ ጤነኛ ሴሎች 3 እና 4 ሚሊኦም ሲያሳዩ ከአበጡት በአንዱ ውስጥ አንድ ሴል 11 ሆነ። ሁለቱም ከሥራ ወጡ። ተደግፈው እንዲቀጥሉ የሚለምን ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ያበጠ ሊፖ ግን መሞላት የለበትም።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

ስትገዙ ከቻርጀሩ አትነሱ። ከባትሪውና ካላችሁ ሰዓት ተነሱ። ነቅታችሁ አጠገቡ የምትቀመጡበት ስንት ሰዓት አላችሁ? በዚያ ሰዓት ስንት ዋት ሰዓት መግባት አለበት? ዋት ሰዓቱን ለሰዓቱ ስታካፍሉ ቻርጀሩ ሊያወጣ የሚገባው ዋት ይወጣል። እሱን በ0.85 ስታካፍሉ ፓወር ሰፕላዩ ሊሰጥ የሚገባው ይገኛል። ከዚያ ላይ ሩብ ያህል ጨምሩ። ለእኛ 250 ነበር፣ ሲካፈል 294፣ ሲጨመርበት 367፤ እኛም ለዚያ የሚቀርበውን 360 ወሰድን።

ቀጥሎ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፣ በተለይ ከፍተኛውን የግቤት አምፔር። በምትሰጡት ቮልት አባዙት። ከሚወጣው ቁጥር በላይ ምንም ፓወር ሰፕላይ ሊያሳልፍ አይችልም። ባለ 6 ሴል ባትሪ ላለው ሰው 24 ቮልት ከ12 የሚሻለው ለዚህ ነው፤ በዚያው አምፔር እጥፍ ዋት ይገባል፣ ሽቦውም ከበፊቱ የበለጠ አይግልም። ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰኩ ቻርጀሮች ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ብዙዎቹ ሁለት ቁጥር አላቸው፣ አንዱ በግድግዳ ሲሰኩ፣ አንዱ በዲሲ። ትልቁ የዲሲው ነው፣ ማስታወቂያው ላይም የሚወጣው እሱ ነው።

ሁሉም ሰው ይሄን ያህል አያስፈልገውም። ባለ 4 ሴል 1500 ባትሪ ያለው ሰው 16.8 ሲባዛ በ1.5፣ 25 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለሱ 19 ቮልት 90 ዋት የሚሰጥ የላፕቶፕ አዳፕተር ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ለትናንሽ ባትሪ የምመክረው እሱን ነው፤ ዝግ ነው፣ የተጋለጠ ብሎን የለውም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ቁጥር የባላንስ አምፔር ነው። ርካሽ ቻርጀሮች ሴሎችን የሚያስተካክሉት በሴል 200 ወይም 300 ሚሊአምፔር ነው። ሴሎቹ ከተራራቁ ባትሪው 95 በመቶ ላይ ደርሶ ለረጅም ጊዜ ይቆማል፣ ዋቱ የፈለገውን ያህል ቢበዛም።

የባትሪ ዓይነት ምርጫውም እንዳይረሳ። ሊፖ 4.2 ላይ ያበቃል፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት 3.65 ላይ። ሁለተኛውን በሊፖ ምርጫ መሙላት ከልክ በላይ መሙላት ነው፤ ቻርጀሩ በራሱ አያውቀውም። ከበረራ እንደወረደ ትኩሱን መሰካትም፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘውን መሙላትም ባትሪውን ይጎዳል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የቀለጠው አዳፕተር ተጥሏል።  አራቱ ባትሪዎች ሁልጊዜ በ3.8 ይቀመጣሉ፤ ለማብረር የሚወጣ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሁለት ሆነው ይሞላሉ። ከ3.8 ወደ 4.2 አንድ ዙር 45 ደቂቃ ነው፣ ሁለት ዙር አንድ ሰዓት ተኩል። በብረት ሳጥን ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ። ሌሊት የሚሞላ ነገር የለም። እናቱም ይሄን እንደ ቤት ሕግ ይዘውታል።

ባለፈው ሳምንት ሜዳ ላይ ከመኪና ባትሪ መሙላት አስቧል። ከመግዛቱ በፊት ስሌቱን በወረቀት ሠርቶ ፎቶውን ላከልኝ። 60 አምፔር ሰዓት ሲባዛ በ12፣ 720 ዋት ሰዓት፤ የመኪና ባትሪ በጥልቀት መውረድ ስለማይወድ ግማሹ ብቻ፣ 360፤ አንድ ሊፖ ከብክነቱ ጋር 100፤ ስለዚህ ሦስት ባትሪ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ጋሼ፣ 12 ቮልት ስለሆነ ተመልሰን 127 ዋት ላይ ነን፣ አይደል?»